መርከሪ መኪና ላላችሁ ደንበኞቻችን በሙሉ፣ ስለ ፓርት መዘግየትና ስለ ዋጋው

ውድ ደንበኞቻችን፣ እንዴት ከረማችሁ። ሰሞኑን የመርከሪውን ሞዴል ግራንድ ማርኪን ይዛችሁ ጋራዣችን የምትመጡ ሁሉ አንድ አይነት ጥያቄ ነው የምትጠይቁን፣ አንዲት የኋላ መብራት እንዴት ሦስት ሳምንት ትፈጃለች፣ ዋጋዋስ እንዴት ከፍሬን ሸራ ይበልጣል ትላላችሁ፣ አንዳንዶቻችሁማ "ይሄን መኪና መጠገን ልታቆሙ ነው እንዴ" ብላችሁናል። አናቆምም። እሱን በቅድሚያ ተናግረን ምክንያቱን በጽሁፍ እናስረዳ ብለን ነው፣ በስልክ ስናወራ ሁሌ አጋማሽ ላይ ይቋረጣል።

መርከሪን በ1938 የመሰረተው የሄንሪ ፎርድ ልጅ ኤድሰል ፎርድ ነው፣ ሀሳቡም ከፎርድ ከፍ ያለ ግን የፎርድ ካምፓኒ የቅንጦት መኪና የሆነው ሊንከን ላይ የማይደርስ መኪና ለሚፈልግ ሰው የሚሆን ነገር ማቅረብ ነበር። መርከሪ በ1978 በአንድ ዓመት ብቻ ወደ 580 ሺህ መኪና ሸጧል። ከዛ በኋላ ግን እየቆየ ሲሄድ መርከሪ ማለት ግሪሉና መብራቱ የተቀየረ ፎርድ ሆነ፣ ሰውም ያው ፎርድ ከሆነ ፎርዱን ልግዛ አለ። በጁን 2010 ፎርድ ካምፓኒ ብራንዱን እንደሚዘጋ ተናገረ፣ የመጨረሻዋ መርከሪ ጃንዋሪ 4 ቀን 2011 ካናዳ፣ ኦንታሪዮ፣ ሴንት ቶማስ ከሚባለው ፋብሪካ ወጣች፣ እሷም ግራንድ ማርኪ ነበረች። ፋብሪካው ራሱ በዛው ዓመት ሴፕቴምበር የመጨረሻዋን የፎርድ ክራውን ቪክቶሪያ ሰርቶ ተዘጋ።

እኛ ሀበሾች ከዚህ መኪና ጋር ያለንን ነገር ለናንተ ማስረዳት አያስፈልግም ግን ትንሽ እንበል፣ ዝም ብለን ማለፍ አልቻልንም። ዲሲ ውስጥ ታክሲ የነዳችሁ፣ የሂሳብ ሜትር ከመምጣቱ በፊት እስከ 2008 በዞን እያስከፈላችሁ ስትሰሩ የነበራችሁ ሁሉ ክራውን ቪክን፣ ክራውን ቪክቶሪያን ማለት ነው፣ ታውቁታላችሁ። የክራውን ቪክ ወንድም ግራንድ ማርኪ ደሞ የቤት መኪና ነበር። ከ2008 ሞዴል ጀምሮ ክራውን ቪክ ለፖሊስ፣ ለታክሲና ለመሳሰሉት ብቻ መሸጥ ሲጀምር ያንኑ መኪና ለቤቱ አዲስ የሚፈልግ ሰው ያለው ምርጫ መርከሪ ብቻ ሆነ። ዩዝድ የገዛችሁ ደሞ አብዛኞቻችሁ ከአሜሪካዊ ሽማግሌ ነው የገዛችሁት፣ ቤተክርስቲያንና ግሮሰሪ ብቻ ሲሄድበት የኖረ፣ ወንበሩ ያልተነካ፣ ማይሉ ትንሽ።

የፊት ወንበሩ እንደ ሶፋ አንድ ነው፣ ማርሹ መሪው ጎን ነው፣ ስለዚህ መሀል ላይ ልጅ ይቀመጣል፣ ስድስት ሰው ይጭናል። ደለስ ኤርፖርት እናቱን ሊቀበል የሄደ ሰው አራት ትልልቅ ሻንጣ ትራንኩ ውስጥ ከቶ በርበሬውና ሽሮው ለሳምንት መኪናው ውስጥ ሲሸት የሚኖረው በዚህ መኪና ነው። ጋራዣችን የገቡ ትራንኮች ውስጥ እስካሁን ምንጣፉ ስር በርበሬ እናገኛለን። እንዲህ አይነት መኪና አሁን ማን ይሰራል፣ ማንም።

ወደ ፓርቱ እንመለስ። መርከሪን የገደለው ነገር፣ ከፎርድ ጋር አንድ መሆኑ፣ የናንተን መኪና ደሞ በህይወት ያቆየው እሱ ራሱ ነው። ሞተሩ 4.6 ሊትር ቪ8 ነው፣ ካምቢዮው፣ ፍሬኑ፣ ሻንሲው፣ ራዲያተሩ፣ ብዙው ነገር ከክራውን ቪክና ከሊንከን ታውን ካር ጋር አንድ ነው፣ ስለዚህ ውስጡ ምንም ቢበላሽ ፓርት ሞልቷል፣ ርካሽም ነው፣ ጠዋት አዘን ከሰዓት እንገጥመዋለን። ችግሩ ያለው መርከሪ መርከሪ የሚያስብለው ነገር ላይ ነው፣ ግሪሉ፣ የፊት መብራቱ፣ የኋላ መብራቱ፣ አርማው። እነዚህ ከክራውን ቪክ አይገጥሙም፣ ፋብሪካውም የለም፣ ስለዚህ የተጣሉ መኪናዎች ያሉበት ጃንክ ያርድ እየዞርን ነው የምንፈልገው፣ ያገኘነውም ግማሹ ፀሀይ ያቃጠለውና የተሰነጠቀ ነው። እዚህ ቨርጂኒያ ደሞ የኋላ መብራት ካልሰራ ኢንስፔክሽን፣ የመኪና ምርመራውን ማለት ነው፣ አያልፍም፣ ስለዚህ ይቆይ ማለት አይቻልም።

ባለፈው አንድ ጋሼ የ2004 ማርኪያቸውን አመጡ፣ ፓርኪንግ ላይ የቆመችበት ሰው ገጭቷት ሄዶ የግራ የኋላ መብራቷ ደቋል። ኦንላይን አዘዝን፣ ካርቶኑ ላይ መርከሪ ይላል፣ ስንከፍተው የክራውን ቪክ። መለስን፣ ደግመን አዘዝን፣ ሁለተኛው የ90ዎቹ ሆኖ መጣ። ጋሼ አንድም ቀን አልተቆጡም፣ በየሁለት ቀኑ መጥተው ኮፈኑን በእጃቸው ጠረግ አድርገው ይሄዳሉ፣ ሦስት ልጅ በዚች መኪና ነው ትምህርት ቤት ያመላለስኩት አሉን። ሦስት ሳምንት የፈጀው ለዛ ነው፣ በጣም ነው ያፈርነው።

ስለዚህ ሁለት የተጋጩ ማርኪዎች ለፓርት ብለን ገዝተናል፣ አንዷ የ2005 ናት አንዷ የ2008፣ ጋራዡ ጀርባ ቆመዋል። ከነሱ ያወጣነውን መብራትም ሆነ ግሪል የምንሸጥላችሁ መኪናዎቹን የገዛንበትን አካፍለን ነው፣ ትርፍ አልጨመርንበትም፣ የምናስከፍለው የእጅ ስራውን ብቻ ነው። ከውጪ የሚታዘዝ ከሆነ ግን ግማሹን ቀድማችሁ እንድትከፍሉ እንለምናለን፣ የተሳሳተ ፓርት መልሶ መላክ ብዙ ገንዘብ አስወጥቶናል። የፊት መብራታችሁ ቢጫ ብቻ ከሆነ ደሞ እንዳትቀይሩት፣ ፖሊሽ ስናደርገው ይጠራል፣ ያለውን መጠበቅ ነው የሚሻለው።

ስትደውሉ እባካችሁ የመኪናውን ዓመት በትክክል ንገሩን፣ በ2003 ሻንሲውና መሪው ተቀይሯል፣ በ2006 ደሞ ፊቱ ተቀይሯል፣ በአንድ ዓመት ልዩነት የማይገጥም ነገር አለ። ማርኪያችሁን ለጃንክ ልትሰጡ ያሰባችሁም ካላችሁ ከመስጠታችሁ በፊት ለኛ ደውሉ፣ ተመጣጣኝ ዋጋ እንከፍላለን፣ መብራቱ ለሌላ ደንበኛ ይሆናል፣ አርማውን ነቅለን ለናንተ እንመልሳለን። የጋሼ መኪና ሐሙስ ኢንስፔክሽን አልፋለች።

አክባሪዎቻችሁ
የጋራዡ ልጆች፣ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ