ቨርጂኒያን የዘለለ የአሜሪካ ታሪክ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ አሜሪካ አመሠራረት በተከታታይ ከምታወጡት ጽሑፍ የመጀመሪያውን ክፍል አንብቤዋለሁ። ቋንቋው ያምራል፤ ጸሐፊው እንደደከመበትም ያስታውቃል። ነገር ግን ታሪኩ በ1620 ሜይፍላወር ከምትባለው መርከብ ይጀምርና አንድ ሁለት አንቀጽ ሄዶ ቦስተን ወደብ ላይ ሻይ ከባሕር የተጣለበት 1773 ላይ ያርፋል (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። የመቶ ሃምሳ ዓመቱ ነገር ተዘለለ። ባርነትም ከአሮጌው ዓለም የተወረሰ ክፉ ልማድ ተብሎ በአንድ መስመር ታለፈ። ብዕር ያስነሣችኝ ይቺው መስመር ናት። የቨርጂኒያን የሕግ መዝገብ ያገላበጠ ሰው ባርነት እዚያ ተወረሰ ለማለት ይከብደዋል። ሰዎች ተሰብስበው፣ ተመካክረው፣ አንዱን ሕግ በሌላው ላይ እየደረቡ የሠሩት ነው።

መነሻው ሜይፍላወር አይደለችም። ከእሷ 13 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በግንቦት 1607፣ 104 ወንዶችና ልጆች በሦስት መርከብ መጥተው ቨርጂኒያ ውስጥ ጄምስታውንን መሥርተዋል። የላካቸው የቨርጂኒያ ኩባንያ የሚባል አክሲዮን ማኅበር ነበር፤ የተላኩትም ለትርፍ ነው። ወርቅ ፈለጉ፣ ጠፋ። በ1609 ማብቂያ ብርዱ ሲገባ ከአገሩ ተወላጅ ከፓውሃታን ሕዝብ ጋር ተጣልተው ከምሽጋቸው መውጣት አልቻሉም። ፈረሱን፣ ውሻውን፣ አይጡን፣ የጫማ ቆዳ ሳይቀር በሉ። 500 ገደማ ከነበሩት ብርዱን ያለፉት 60 ያህሉ ብቻ ናቸው። በ2012 ተመራማሪዎች ከምሽጉ ውስጥ የአንዲት 14 ዓመት ግድም የሆናት ልጅ የራስ ቅል አውጥተዋል፤ አጥንቱ ላይ የስለት ምልክት አለበት። የሰው ሥጋም ተበልቷል።

ያዳናቸው ትምባሆ ነው። ጆን ሮልፍ የተባለው ሰፋሪ፣ በኋላ የፓውሃታኑን አለቃ ልጅ ፖካሆንታስን ያገባው ማለት ነው፣ ከካሪቢያን በኩል ያገኘውን ዘር ከ1612 ገደማ ጀምሮ ሞከረ፤ ለንደን ላይ ገበያው ደራ። ትምባሆ ግን የሰው ጉልበት ይበላል። ችግኙ በብርዱ ወራት መደብ ላይ ይፈላል፣ በግንቦት ይዛወራል፣ ጫፉ ይቀነጠሳል፣ ትሉ አንድ በአንድ በእጅ ይለቀማል፣ ቅጠሉ ተቆርጦ፣ ከጣሪያ ሥር ተሰቅሎ፣ ደርቆ በበርሜል ይጠቀጠቃል። መሬቱም በሦስት በአራት ዓመት ይደክማል፤ ከዚያ ሌላ ጫካ መመንጠር ነው። ጥሬ ገንዘብ ብርቅ ስለነበረ ትምባሆው ራሱ ገንዘብ ሆነ። ግብሩ በትምባሆ፣ የቄሱ ደመወዝ በትምባሆ። ኩባንያው ለሰፋሪዎቹ ሚስት እንዲሆኑ ብሎ የላካቸው ሴቶች የመርከብ ወጪ እንኳ የተሰላው በትምባሆ ነበር።

ሠራተኛው መጀመሪያ የመጣው ከእንግሊዝ ድሆች ነው። ወጣቱ ለመርከብ የሚከፍለው ስለሌለው ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ሊያገለግል ይፈርማል፤ ያስመጣው ጌታ ደግሞ በነፍስ ወከፍ 50 ኤከር፣ በእኛ ልኬት ግማሽ ጋሻ ያህል መሬት ያገኛል። በዚህ መሃል በነሐሴ 1619 ዋይት ላየን የምትባል መርከብ ከሃያ የሚበልጡ አፍሪካውያን ይዛ ፖይንት ኮምፈርት የሚባለው የቨርጂኒያ ዳርቻ ደረሰችና በስንቅ ለወጠቻቸው። ከሉዋንዳ፣ አንጎላ ተጭነው ሲሄዱ ከፖርቱጋል መርከብ ላይ የተቀሙ ነበሩ። ተሸጠው መምጣታቸው እርግጥ ነው። ነገር ግን በዚያን ጊዜ ቨርጂኒያ ውስጥ ባሪያ ማን እንደሆነ፣ ልጁስ ምን እንደሚሆን የሚደነግግ ሕግ አልነበረም። መውጫው ገና አልተዘጋም።

ለዚህ ማስረጃው አንቶኒ ጆንሰን ነው። በ1621 አንቶኒዮ ተብሎ የመጣው ይህ አፍሪካዊ ነጻ ወጥቶ፣ ሚስት አግብቶ፣ በ1651 የ250 ኤከር ባለ መሬት ሆኗል። ነገሩን አሳምሬ ላቅርበው አልልም። እሱም በተራው ጆን ኬሶር የሚባል ጥቁር ሰው አሽከር አድርጎ ይዞ ነበር፤ ሰውየው ጊዜዬን ጨርሻለሁ ቢል በ1655 ፍርድ ቤት ለጆንሰን መልሶታል። ጆንሰን ራሱ በ1670 ከሞተ በኋላ ግን የቨርጂኒያ ዳኞች ሟቹ ጥቁር ስለነበረ ባዕድ ነው ብለው መሬቱን ለመንግሥት ወሰኑ። በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ አገሩ ተገለባበጠ።

እንዴት እንደተገለባበጠ ደረጃ በደረጃ ማየት ይቻላል። በ1640 ሦስት አሽከሮች ከአንድ ጌታ ጠፍተው ሜሪላንድ ላይ ተያዙ። ሦስቱም ሠላሳ ሠላሳ ግርፋት ተፈረደባቸው። አንዱ ሆላንዳዊ፣ አንዱ ስኮትላንዳዊ ነበር፤ ለነዚህ አራት ዓመት ተጨመረባቸው። ሦስተኛው ጆን ፓንች ጥቁር ነበር፤ ዕድሜ ልኩን እንዲያገለግል ተወሰነ። ጥፋቱ አንድ፣ ፍርዱ ሁለት።

እኔ ከሁሉ በላይ የምቆምበት የኤልሳቤጥ ኪ ጉዳይ ላይ ነው። እናቷ አፍሪካዊት፣ አባቷ ቶማስ ኪ እንግሊዛዊና የምክር ቤት አባል ነበር። የተባለላት የአገልግሎት ዘመን አልፎ ሳትለቀቅ ስትቀር ከሰሰች። ክርክሯ ጠንካራ ነበር፦ በእንግሊዝ ሕግ ልጅ አባቱን ይከተላል፣ አባቴ ነጻ ሰው ነው፣ እኔም የተጠመቅሁ ክርስቲያን ነኝ። በ1656 ረታች፤ ጠበቃዋንም አገባችው። ባለ ርስቶቹ ቀዳዳውን አዩ። ሰባት ዓመት ሳይሞላ፣ በታኅሣሥ 1662፣ ምክር ቤቱ የገዛ አገሩን የዘመናት ሕግ ገልብጦ የልጁ ዕጣ በእናቱ ይወሰናል አለ። ከባሪያይቱ የወለደ ጌታ አባትነቱ ተረሳለት፤ ልጁም ንብረቱ ሆነ። በ1667 ሁለተኛው በር ተዘጋ፦ ጥምቀት ማንንም ከባርነት አያወጣም። ወንድ ልጁን በአርባ፣ ሴት ልጁን በሰማንያ ቀን ክርስትና የሚያስነሣ አንባቢ ይህን ሕግ ቆም ብሎ ያስበው። በ1669 ደግሞ ጌታ ባሪያውን ሲቀጣ ቢገድለው ወንጀል እንዳይሆን ተደነገገ። ምክንያቱ ምን መሰላችሁ? የገዛ ንብረቱን በክፋት የሚያጠፋ ሰው ይኖራል ተብሎ አይገመትም!

ናትናኤል ቤከን የተባለ ባለ ርስት በ1676 በቨርጂኒያ አገረ ገዥ ላይ ባመፀ ጊዜ ውላቸውን ጨርሰው መሬት ያጡ እንግሊዛውያን፣ አሽከሮችና ጥቁር ባሮች አብረው ታጥቀው ጄምስታውንን አቃጠሉ። ቤከን ቅዱስ አልነበረም፤ ጉዞውን የጀመረው ወዳጅ የነበሩ ተወላጆችን ሳይቀር በመግደል ነው። በዚያው ዓመት በጥቅምት ተቅማጥ ገደለው፤ አገረ ገዥው በርክሊም 23 ሰዎች ሰቀለ። ቅኝቱን ሁሉ የለወጠው ይህ ዓመፅ ነው የሚሉ አሉ። እኔ ያን ያህል አልሄድም፤ ከእንግሊዝ የሚመጣው አሽከርም በራሱ እየቀነሰ ነበር። ሆኖም ባለ ርስቶቹ ድሃው ነጭና ጥቁሩ አንድ ላይ ሲቆሙ ምን እንደሚመጣ አይተዋል። በ1705 የወጣውን ትልቁን ሕግ ተመልከቱ። ውሉን የጨረሰ ነጭ ወንድ አሽከር በቆሎ፣ ሠላሳ ሺሊንግና አንድ ጠመንጃ ተሰጥቶት ይሰናበታል፤ ነጭ ክርስቲያን አሽከርን ያለ ዳኛ ትእዛዝ ልብሱን አስወልቆ መግረፍም ተከለከለ። ባሪያው በዚያው ሕግ እንደ ርስት የሚወረስ ንብረት ተባለ፤ መሣሪያ መያዝም አይችልም።

ሰሜኑም ቢሆን ንጹሕ አይደለም። ማሳቹሴትስ በ1641 ባወጣችው ሕግ በጦርነት የተማረከውንና ከውጭ የተሸጠውን ሰው በባርነት መያዝ ፈቅዳለች። ዘመኑ ነው፣ ማንም አያውቅም ነበር የሚለው ማስተባበያም አያዋጣም፤ በ1688 ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ጀርመንታውን የነበሩ ኩዌከር የሚባሉ ክርስቲያኖች ሰው መሸጥን በጽሑፍ ተቃውመዋል።

ይህን ሁሉ የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ከአንባቢዎቻችሁ ብዙዎቻችን የምንኖረው እዚሁ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ነው። ቤት የተከራየንባት፣ ሱቅ የከፈትንባት አሌክሳንድሪያ በ1749 የተመሠረተችው ወንዙ ዳር ባለ የትምባሆ መጋዘን ዙሪያ ነው። ልጆቻችን ይህን በትምህርት ቤት ይማሩታል፤ እኛ ከጋዜጣችን ካገኘነው ጋር ሳይገጥም ሲቀር ማንን እንደሚያምኑ ግልጽ ነው።

ስለዚህ ሁለተኛውን ክፍል ከማውጣታችሁ በፊት ወደ 1607 ተመለሱና ቨርጂኒያን ጨምሩበት። ቦታ ካላችሁ የ1662ቱን ሕግ ወደ አማርኛ መልሳችሁ እንዳለ አትሙት። የጥቂት መስመር ጽሑፍ ናት፤ ከአንድ ማስታወቂያ የበለጠ ቦታ አትወስድባችሁም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ