ለእህቴ፣ ስለ ኦንላይን መጠይቅ ሥራ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
የካቲት 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እማዬስ ጉልበቷን ተሻላት? እኔ ከእናንተ ናፍቆት በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ባለፈው ሳምንት በቴሌግራም የላክሽልኝን የድምፅ መልእክት ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ሰማሁት። ጓደኛሽ ያገኘቻቸው ሰዎች 3,000 ብር ሲከፈላቸው አሜሪካ ውስጥ የተከፈተ፣ በኢንተርኔት መጠይቅ እየሞሉ ገንዘብ የሚያገኙበት አካውንት ከነቪፒኤኑ (ያለሽበትን አገር ደብቆ ሌላ አገር ያለሽ የሚያስመስል ፕሮግራም) እንደሚያስረክቡና በቀን እስከ 30 ዶላር እንደሚገኝበት ነግረሽኝ፣ እኔ በራሴ ስምና አድራሻ ብከፍትልሽ ግን ብሩ ይተርፈኛል ብለሽ ጠይቀሽኛል። በስልክ «አይሆንም» ብሎ መቁረጥ ቀላል ነበር፤ ሆኖም ሥራውን እኔም አንድ ዓመት ከመንፈቅ ያህል ስለሠራሁት፣ የማውቀውን ሳልደብቅ ልጽፍልሽ ወሰንኩ።

ሥራው ራሱ ውሸት አይደለም። ሳሙና ወይም የቁርስ ምግብ የሚያመርት ኩባንያ አዲስ ዕቃ ገበያ ላይ ከማውጣቱ በፊት የገዢውን ሐሳብ ማወቅ ስለሚፈልግ ለጥናት ድርጅት ይከፍላል፤ የጥናት ድርጅቱ ደግሞ መላሾችን ላሰባሰበለት ድረ ገጽ ይከፍላል፤ ከዚያ የተረፈው ወደ ነጥብ ተመንዝሮ ለመላሹ ይደርሳል። ነጥቡ የተወሰነ መጠን እስኪሞላ አይወጣም፤ ሲወጣም አብዛኛውን ጊዜ በስጦታ ካርድ ወይም ፔይፓል በተባለው፣ ገንዘብ በኢንተርኔት በሚያስተላልፍ አገልግሎት ነው። ልብ እንድትይልኝ የምፈልገው፣ ኩባንያው ገንዘቡን የሚያወጣው ዕቃውን ሊገዛ የሚችለውን ሰው ለማግኘት መሆኑን ነው። ስለዚህ ማንኛውም መጠይቅ ሲጀምር ዕድሜሽን፣ የምትኖሪበትን ሰፈር ዚፕ ኮድ (የፖስታ መለያ ቁጥር)፣ የቤተሰብሽን ገቢ፣ ለቤቱ አስቤዛ የሚገዛው ማን እንደሆነ ይጠይቃል፤ የተፈለገው ዓይነት ሰው ቁጥር ቀድሞ ከሞላ ወይም አንቺ ያ ሰው ካልሆንሽ፣ አመስግኖ ያሰናብትሻል።

እኔ የጀመርኩት በመስከረም 2016 ዓ.ም.፣ በአንድ ፓርኪንግ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ስሠራ ነው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት በኋላ መኪና ስለማይመጣ፣ ስልኬን የደረሰኝ ማተሚያው ላይ አስደግፌ፣ እግሬን ወደ ትንሿ ማሞቂያ ዘርግቼ እመልስ ነበር። አንድ ሌሊት ስለ ልብስ ሳሙና ሽታ አሥራ ሰባት ደቂቃ ሙሉ ከመለስኩ በኋላ፣ «ለዚህ መጠይቅ አልተመረጡም» የሚል ጽሑፍ መጣና ያለ አንዲት ነጥብ ተሰናበትኩ። በኅዳር ወር የያዝኩትን ደብተር አሁን ከፊቴ ገልጬዋለሁ፤ 64 መጠይቆች ጀምሬ የጨረስኩት 23 ብቻ ሲሆን፣ 19 ሰዓት ፈጅቶብኝ 47 ዶላር አግኝቻለሁ። ለሰዓት ሲካፈል ሁለት ዶላር ተኩል አይሞላም። በሜሪላንድ ከ2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ 15 ዶላር ነው፤ እኔም ይህን የሠራሁት ያለዚያ ቁጭ ብዬ በማሳልፈው ሰዓት ስለሆነ ብቻ ነው። የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሚጠቀሙበት ፕሮሊፊክ የተባለው ድርጅት የተሻለ ይከፍላል፤ ለሰዓት ቢያንስ 8 ዶላር እንዲከፈል ያስገድዳል። ነገር ግን ተሳታፊ የሚቀበለው ከተወሰኑ አገሮች ነው፤ ኢትዮጵያ ከእነርሱ መካከል የለችም።

አንድ ጥፋቴንም ልንገርሽ። መኪና ሳይኖረኝ «አለኝ» ብዬ የመለስኩበት ሌሊት ነበር፤ ለመኪና መጠይቅ ሦስት ዶላር ስለሚከፈል ነው። ከሁለት ወር በኋላ እዚያው ድረ ገጽ ላይ ያንኑ ጥያቄ በሌላ መልክ ስጠየቅ እውነቱን መለስኩ፤ ሁለቱን መልሶች አስተያይተው አካውንቴን ዘጉት፤ ሳላወጣው የቆየው 38 ዶላርም አብሮ ቀረ። ገንዘቡ አናደደኝ፤ ይበልጥ ያሳፈረኝ ግን ለሦስት ዶላር ብዬ መዋሸቴ ነው። ኮምቦልቻ ተቀምጠሽ በቪፒኤን ሜሪላንድ ነኝ የምትዪ ከሆነ ደግሞ፣ እንደኔ አንድ ሌሊት ሳይሆን እያንዳንዱን መልስ በሐሰት መመለስ ይኖርብሻል። በስሜ የገባው ገንዘብም የእኔ ገቢ ሆኖ ስለሚቆጠር ታክሱን የምጠየቀው እኔ ነኝ። ፔይፓልም ቢሆን ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ሰው ገንዘብ የመቀበል አገልግሎት አይሰጥም። ስሜን አላውስሽም፤ እባክሽ አትቀየሚኝ።

አካውንት እንሸጣለን ለሚሉት ለእነዚያ ሰዎች ግን አንዲት ብር እንዳትከፍዪ። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ሕዝቡን ደጋግሞ የሚያስጠነቅቀው፣ ሥራ ሰጥቶ የሚከፍል ሰው አስቀድሞ ክፈል እንደማይል ነው። መጀመሪያ ጥቂት ዶላር ከፍለው ያሳምኑሻል፤ ከዚያ «የተጠራቀመልሽን ለማውጣት ይህን ያህል አስገቢ» ይላሉ፤ ካስገባሽ ሌላ ይጨምራሉ።

አሁን ደግሞ በጣም እንድታስቢበት የምፈልገውን ልጻፍ። በግንቦት 1999 ዓ.ም. ለሕዝብና ቤት ቆጠራ ቤታችን የመጣውን ቆጣሪ አንቺ አታስታውሺውም፤ ሕፃን ነበርሽ። ቅጹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ እማዬን ዕድሜዋን ሲጠይቃት፣ አብዮት ሲፈነዳ ስንተኛ ክፍል እንደነበረች ታስብ ጀመር፤ እሱም ሳይቸኩል በጣቶቹ አብሯት ቆጠረ፤ ቡናውንም እስከ ሁለተኛው ጠጥቶ ሄደ። በእኛ አገር መጠይቅ የሚያበላው እንዲህ ለሚጠይቀው ሰው ነው። የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት፣ ዩኒቨርሲቲዎችና የጤና ጥናት ተቋማት ለየጥናታቸው መረጃ ሰብሳቢ ይቀጥራሉ፤ ጥቂት ቀን ሥልጠና ሰጥተው፣ ታብሌት አስይዘው፣ በቀን አበል ያሰማራሉ። ሥራው ጊዜያዊ ነው፤ እግርም ያደክማል፤ ነገር ግን አንቺ በስታቲስቲክስ ተመርቀሻል፣ የወሎን ገጠር ታውቂዋለሽ፣ ባልቴት ስታናግሪ እንዴት እንደምትታገሺ እኔ አይቻለሁ። እዚህ እኔን በዚፕ ኮዴ እንደሚመርጡኝ ሁሉ፣ እዚያ አንቺን በትውልድ ቦታሽ የሚመርጥ ሥራ አለ።

ኮቦ ኮሌክት የሚባለውን መረጃ መሰብሰቢያ በነፃ ስልክሽ ላይ ጫኚው፤ ብዙ ጥናቶች የሚሠሩት በእሱ ነው። የወሎ ዩኒቨርሲቲን የማስታወቂያ ሰሌዳ በየሳምንቱ እዪ። ከመጠይቅ ያጠራቀምኩትን 120 ዶላር ዛሬ በባንክ ልኬልሻለሁ፤ ለደሴ ምልልስሽና ለማስረጃ ኮፒ ይሁንሽ፤ ከእሱ ላይ የእማዬን የደም ግፊት መድኃኒት ግዢላት። መለማመጃ እንዲሆንሽ አሥር ያህል ጥያቄ አዘጋጂና ለእኔ ላኪልኝ፤ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ አንዱንም ሳልዘል እሞላልሻለሁ።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ።

ወንድምሽ