ጥቁሩን ከአንገት በታች፦ ደብዳቤ ለልጄ

ጅማ፣ ሐምሌ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ከናፍቆትሽ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ክረምቱ ጅማ ላይ ጨክኗል፤ የታጠበ ልብስ ሳይደርቅ ይሰነብታል፣ የሰፈራችንም መንገድ ጭቃ ስለሆነ ባጃጆቹ ከአስፋልቱ አልፈው አይገቡም። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ጊዜ አግኝቻለሁና በስልክ እየተቆራረጠ ያልጨረስነውን ጉዳይ በጽሑፍ ላድርገው። «እማዬ፣ የፀጉርሽን ቀለም ከጥቁር ወደ ቡናማ ከቀየርሽማ ልብስሽንም እንዳለ ልቀይርልሽ» ብለሽኛል። እግዜር ይስጥልኝ፤ ግን እንዳለ አትቀይሪ። ደመወዝሽ ለቤት ኪራይ አልበቃ ብሎሽ የእኔን ቁም ሣጥን ልታድሺ ነው? የሚቀየረው ጥቂት ነው፤ እሱንም ለይቼ እነግርሻለሁ።

አስቀድሜ ግን «ጥቁሩ ነበር ልጅ የሚያስመስልሽ» ያልሽው እንዳልተዋጠልኝ ልንገርሽ። ከሃምሳ በኋላ ልጅ ልምሰል ያለ ማን ነው? ፀጉር በወር አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል። ድፍን ጥቁር የተቀባ ራስ ወሩ ሳይሞላ ከሥሩ ነጭ መስመር ያወጣል፤ ያን መስመር በሻሽ ስትሸፍኚ፣ መልሰሽ ስትቀቢ ትኖሪያለሽ። በቡናማው ላይ ሽበቱ ሲመጣ ይመሳሰላል፤ ካላተኮሩበት አይታይም። ዕድሜዬን ሲደብቅ የኖረው ጥቁሩ ነው። ቡናማው ቀስ እያለ ወደ ሽበቱ ያሻግረኛል፣ አንድ ቀን እሱንም እተወዋለሁ። በጥቁር ቀለም ላይ ቡናማ ቢቀቡት ደግሞ አይወጣም፤ ቀለም ቀለምን አያነሣም። የሚያነሣው ማንጫ ነው፣ ማንጫውን ደግሞ የኔ ፀጉር አይችለውም። ለዚህ ነው ጥቁሩ አድጎ እስኪያልቅ ጠብቄ፣ አሳጥሬ ተቆርጬ፣ ባልተቀባው ፀጉር ላይ ቀላ ያለ ቡናማ ያስቀባሁት። አንቺ ማሳጠሬን እንደ ኀዘን ቆጠርሽው መሰለኝ።

ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ፀጉሩን ሁሉም ወደደው፤ ፊቴን ግን ማንም አልወደደውም። ፈተና በምናርምበት ሰሞን አንዷ መምህርት «አሞሽ ነበር እንዴ?» አለችኝ። የዕድራችን ሴቶች ጾም በዝቶብኝ እንደሆነ ጠየቁኝ። ቤት ገብቼ መስተዋቱን ከግድግዳው አውርጄ ወደ መስኮቱ ወሰድሁት። ፊቴ ያው ፊቴ ነው፤ ነገር ግን በላዩ ያለው ሁሉ ለሌላ ራስ የተዘጋጀ ነበር። ቅንድቤ በጥቁር እርሳስ የተሠመረ፣ ዓይኔ ዙሪያውን የተኳለ፣ ከንፈሬ የደረቀ ወይን ጠጅ፣ መነጽሬ ወፍራም ጥቁር፣ አንገቴም ሥር ጥቁር ሹራብ። ወጥ ላይ በርበሬውን ቀንሰሽ ጨውን በድሮው ልክ ብትጨምሪ ጨው ጨው ይላል፤ የኔም ፊት እንደዚያው ሆኖ ነበር። ፀጉሩ ለዘብ ሲል ሌላው ሁሉ ጮኸ።

በኬሚስትሪ ክፍል ስለ ሳሙና ሳስተምር ሁልጊዜ የማነሣው ሚሼል ኧዥን ሸቭረል የሚባል ፈረንሳዊ ኬሚስት አለ፤ የስብን ምንነት የመረመረ ሰው ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1824 ፓሪስ በሚገኘው የጎብላን የስጋጃ ሥራ ቤት የቀለም ክፍል ኃላፊ ሆነ። ጥቁሩ ክራችሁ ደካማ ነው የሚል ስሞታ ደረሰው። ክሩን ከሌላ ቦታ ከመጣ ጥቁር ክር ጋር ቢያስተያየው ምንም አልጎደለውም። ያደከመው በስጋጃው ላይ አጠገቡ የተሸመነው ሰማያዊና ወይን ጠጅ ነበር። ይህንኑ መርምሮ በ1839 አሳተመ፦ ዓይን አንድን ቀለም የሚያየው ከጎረቤቱ ጋር ነው። ሰውየው 102 ዓመት ኖሯል፤ መቶ ዓመት ሲሞላው የተነሣውን ፎቶ አይቻለሁ፣ ሽበቱን እንዳለ ለቆታል። እና የኔን ነገር ስታስቢ ሸቭረልን አስቢ፤ ፊቴ አልተበላሸም፣ ጎረቤቶቹ ናቸው የተጣሉት።

ስለዚህ ወደ ልብሱ። ዋናው ጉዳይ ከደረት በላይ ያለው ነው፤ ከወገብ በታች ብትፈልጊ ጆንያ ልበሺ፣ ፊትሽን አይነካውም። ጥቁር ጉርዶቼንና ሱሪዬን አንድም አልሰጠሁም፤ ለቅሶም ይኖራል፣ የጅማም ጭቃ አለ። የወጣው ከአንገቴ ሥር የነበረው ጥቁር ሹራብና ያ ግራጫ ሸሚዝ ነው። በምትካቸው ገበያ ወርጄ ሰልባጅ ተራ ውስጥ ጥሩ ጥሩ ነገር አገኘሁ። ሄርማታ ከአባ ጅፋር ዘመን ጀምሮ ገበያ ነው፣ ለኔ ራስ የሚሆን ሸሚዝ እንዴት ይጥፋ? ሻጩ «ይለኩት እንጂ» ይለኛል፤ እኔ ልኩን ትቼ ከሸራው ጥላ እወጣና ጨርቁን አገጬ ሥር እይዘዋለሁ። የወይራ ቅጠል የመሰለው አረንጓዴ ሲጠጋ ከዓይኔ ሥር ያለው ጥላ ቀለል ይላል፤ ደማቁ ሮዝ ሲጠጋ ፊቴ ቢጫ ይመታል። ሻጩ መጀመሪያ ስቆብኝ ነበር፤ በኋላ ራሱ እያነሣ «ይህስ?» ይለኝ ጀመር። የሸክላ ቀለም ያለው ሸሚዝና ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አረንጓዴ ሹራብ ይዤ ተመለስሁ።

ያስቸገረኝ ነጭ ጋዋኔ ነው። የመምህር ጋዋን መቼም አይቀየርም፤ በዚያ ላይ የዱቄት ሳሙናው ውስጥ ነጭን ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ብርሃን የሚሰጥ ኬሚካል ስላለ ባጠብሽው ቁጥር ይበልጥ ይነጣል። ያን የሚያህል ንጣት አንገት ሥር ሲሆን ቀላ ያለው ፀጉሬ ዝገት ይመስላል። መላው ቀላል ሆነ፤ ክሬም ቀለም ያላት ቀጭን ስካርፍ በጋዋኑ ኮሌታ ሥር አደርጋለሁ፣ ነጩ ከፊቴ ጋር በቀጥታ አይገናኝም። ተማሪዎቼ ጉንፋን የያዘኝ መስሏቸው ዝንጅብል ሻይ እንድጠጣ መከሩኝ።

ነጠላም ላይ ያው ነው። የፋብሪካ ክር ነጠላ ብልጭ ይላል፤ በእጅ የተፈተለው ግን የጥጡ የራሱ ቀለም ስላለው ወደ ክሬም ያዘነብላል፣ ለኔ የሚሆነው እሱ ነው። ይህን ካንቺ እፈልጋለሁ። ሽሮ ሜዳ ሂጂና የእጅ ፈትል ነጠላ ፈልጊልኝ፤ ጥበቡ የመዳብና የቅጠልያ ቀለም ያለው፣ ቀጭን ጥለት ይሁን። ብርማ ክር ያለበትን አትያዢ። ያለኝን ባለ ብርማውን ጥበብ አንቺ ውሰጂው፤ ድፍን ጥቁር ፀጉር ላላት ሴት የተሠራ ይመስላል።

የመዋቢያው ነገር ረቀቅ ይላል፣ በጥንቃቄ አንብቢ። ፋውንዴሽኔ ከቆዳዬ አንድ ደረጃ የቀላና ሮዝ የሚመታ ነበር፤ ከተማችን ሱቅ የሚገኘው ባብዛኛው እንደዚያ ያለ ነው፣ የኛን የቆዳ ቀለም ማን አስቦበት። በጥቁሩ ፀጉር ጊዜ አለፈ፤ አሁን አመድ ያስመስለኛል። ቢጫነት ያለውን ምረጪ። እጅሽ ላይ አትሞክሪው፣ የእጅና የፊት ቀለም አይገጥምም፤ ፎቶ እልክልሻለሁና ከመንጋጋዬ ጋር አስተያዪ፣ ያውም ሱቁ በር ላይ ወጥተሽ በቀን ብርሃን። ፓውደር አልፈልግም፤ በዚህ ዕድሜ ሽብሽቡ ውስጥ ገብቶ ይቆጥረዋል።

የቅንድብ እርሳስ፣ ከፀጉሬ ትንሽ ጠቆር ያለ ቡናማ። ቅንድብሽንም በዚያው ቀለም አስቀቢው ያለችኝን የፀጉር ቤት ልጅ እሺ አላልኋትም፤ የፀጉር ቀለም ዓይን አጠገብ ምን ይሠራል? ኩሌን አልተውሁም፤ ከላይኛው ሽፋሽፍት ሥር ብቻ እስላለሁ፣ የታችኛውን ለቅቄዋለሁ። ከገበያ የሚመጣው የተፈጨ ኩል ግን ይቅርብሽ፤ አንዳንዱ እርሳስ (ሌድ) የሚባለው ማዕድን ያለበት ነው፣ እንደ መጻፊያ እርሳስ ሆኖ የተሠራውን የታወቀ ምርት ግዢ። ሊፕስቲክ የጡብ ቀይ ወይም ቀይ ቡናማ። የወርቅ ጉትቻዬ ከድሮው ይልቅ አሁን አምሮብኛል፤ የብሩን አስቀምጫለሁ፣ ሽበቱ ሲመጣ ተራው ይደርሳል። መነጽሩ እስኪሰበር ይጠብቅ፣ ውድ ነው።

አንቺም «ሽበት ጀመረኝ፣ ልቀባ ነው» ብለሽኛል። ሁለት ሽበት አይተሽ አትደንግጪ፤ ከተቀባሽም ቀለሙን ጆሮሽ ጀርባ ጥቂት ነካ አድርገሽ 48 ሰዓት ጠብቂ። ጠቆር ባሉት ቀለሞች ውስጥ ፓራ-ፌኒሊንዳይአሚን የሚባል ነገር በብዛት አለ፤ አለርጂ ያለበትን ሰው ፊቱን ያሳብጠዋል። ፀጉር ቤቶቹ ሰው ስለሚበዛባቸው ይህን አይጠብቁልሽም፣ ራስሽ ጠይቂ። ጎረቤታችን እማማ «ሂና አድርጊው፣ ምን ኬሚካል አስፈለገሽ» ብለውኝ ነበር፤ ንጹሑ ሂና ጥሩ ነው፣ ግን በነጭ ፀጉር ላይ ብርቱካን ይሆናል፣ እኔ ደግሞ ግማሽ ራሴ ነጭ ነው። ጥቁር ሂና ተብሎ የሚሸጠው ንጹሕ ሂና አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ጥቁረቱ የሚመጣው ከዚያው ከነገርሁሽ ኬሚካል ነው።

አባትሽ እስካሁን የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አረንጓዴውን ሹራብ ለብሼ ስወጣ «የት ልትሄጂ ነው?» አለኝ። እንደ ሙገሳ ይዤዋለሁ።

ዕቃውን ወደ ጅማ ለሚመጣ ሰው ስጪው፤ ለየብቻ አድርገሽ ጠቅልይው፣ ሊፕስቲኩ ነጠላው ላይ እንዳይቀልጥ። በመልስ ጉዞው ቡናና ማር እልክልሻለሁ። ዋጋውን ከዕቃው ላይ እንዳትፍቂው፤ ባለፈው ከፋቅሽው ሥር አንብቤዋለሁ፣ ተታለሽ ነበር።

እናትሽ