ካሜራህን ከመሸጥህ በፊት

ቱሉ ዲምቱ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር ወር

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለተካልኝ፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? ባለቤትህና ልጆችህስ እንዴት ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ባሕር ዳር ከገባህ ወዲህ ስልኩም ደብዳቤውም እየራቀ ሄዶ፣ አንዳችን የሌላውን ወሬ የምንሰማው ከሰው አፍ ብቻ ሆኖ ቀረ። ሰሞኑን ግን አንድ የጋራ ወዳጃችን ስቱዲዮዬ ድረስ መጥቶ ሲያጫውተኝ፣ «ተካልኝ አዲስ ካሜራ ገዝቷል፤ የድሮዋን ካነን ሊሸጣት ገዢ እያፈላለገ ነው» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ልቤ አላረፈም። የምጽፍልህ ስለዚያች ካሜራ ነው፤ ሌላው ጨዋታ ይደርሳል።

አትሽጣት። ምክንያቴን በሰፊው ላስረዳህ፤ አንብበህ ስትጨርስ የፈለግኸውን ታደርጋለህ። ዓመቶቹን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ የካሜራ ነገር ሲነሳ ሁላችንም የለመድነው እሱን ነውና።

ያንተዋ ካነን ፋይቭ ዲ ገበያ ላይ የዋለችው በ2005 ነው። 12.8 ሜጋፒክስል ናት፤ ዛሬ ኪስ ውስጥ የሚገባ ስልክ 50 ሜጋፒክስል እየተባለ ይሸጣል። ስለዚህ ገዢው ቁጥሯን እንደሰማ ፊቱን ያጨፈግጋል፤ አንተም በዋጋ ትለሳለሳለህ። ዳሩ ግን ያ 12.8 ሚሊዮን ፒክስል፣ ማለትም ብርሃን የሚለቅም ነጥብ፣ የተዘረጋው 36 በ24 ሚሊ ሜትር ሊሞላ ጥቂት በቀረው ሴንሰር፣ ብርሃኑ በሚያርፍበት ገጽ ላይ ነው። የእያንዳንዱ ፒክስል ጎን 8 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺኛ) ያህል ነው። በ2012 የወጣችው የእኔዋ ኒኮን ዲ 800 በዚያው ስፋት ላይ 36.3 ሚሊዮን ስለደረደረች የእሷ ወደ 5 ማይክሮን ወርዷል። ትልቅ ፒክስል ብቻውን ምስልን አያሳምርም፤ ጨለማ ውስጥ ያለ ነገር በማውጣት ኒኮኗ የአንተዋን በብዙ ታስከነዳታለች። እኔ የምልህ ቁጥሩ የምስሉን ባህርይ አይነግርህም ነው። የሴንሰር ባህርይ የሚታወቀው አቅሙ ሲያልቅ ነው፤ ብርሃኑ ሲበዛበት ምን እንደሚያደርግ፣ ሲያንሰው ደግሞ ምን እንደሚያመጣ። የእኛ አገር ሰውና የእኛ አገር ልብስ ደግሞ ማንኛውንም ሴንሰር ወደዚያ ጠርዝ ይወስዱታል።

ኅዳር ጽዮንን አስበው። በእኛ ሰፈር ዳርቻ ካለችው ቤተ ክርስቲያን እናቶች ነጠላቸውን ተከናንበው ሲወጡ፣ ሰዓቱ ወደ ስድስት ይጠጋል፤ ፀሐዩ ደግሞ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የሚወርድ፣ ደመና ያልነካው ፀሐይ ነው። ፊቱ የቡና ቀለም፣ ነጠላው ከወረቀት የነጣ። የካሜራው ብርሃን መለኪያ ፊቱ ያለውን ነገር ሁሉ በአማካይ 18 በመቶ ብርሃን እንደሚመልስ ግራጫ አድርጎ የሚገምት ነው። ያን ሁሉ ነጭ ሲያይ ብርሃኑን ይቀንሳል፤ ነጠላው አመድ ይሆናል፣ የእናቶቹ ፊት ይጠቁራል። ለፊታቸው ብለህ ብርሃን ስትጨምር ደግሞ የነጠላው ድርና ማግ ይጠፋል፤ ጥበቡ ብቻ ባዶ ነጭ ላይ ተንሳፍፎ ይቀራል።

ሴንሰር ብርሃን የሚቀበለው ክረምት ላይ ጣራ ሥር እንደተደረደረ ባልዲ ነው። ከአፉ እስኪደርስ ድረስ ጠብታዋን ሁሉ በእኩል ያጠራቅማል፤ ከሞላ በኋላ የመጣው ግን ፈስሶ ይጠፋል። በኋላ ኮምፒውተር ላይ ብትለፋ የፈሰሰው አይመለስም። ፊልም እንዲህ አልነበረም፤ ብርሃን ሲበዛበት አቀባበሉ ቀስ በቀስ እየደከመ ስለሚሄድ ነጩ በድንገት አይቆረጥም ነበር። ዲጂታል ላይ ከነጠላው እጥፋት ወደ ባዶነት የሚያሻግረው መንገድ አጭር ነው።

ይህን ችግር ከልባቸው ያሰቡበት የፉጂፊልም መሐንዲሶች ነበሩ። በ2006 ያስተዋወቁትና ኋላ እኔ ያገለገለውን የገዛሁት ኤስ 5 ፕሮ ሴንሰሩ ላይ ሁለት ዓይነት ፒክስል አለው፦ 6 ሚሊዮን ያህል ትልልቅ፣ በየመካከላቸው ደግሞ 6 ሚሊዮን ያህል ትንንሽ። ትልልቆቹ በፀሐዩ ሲሞሉ ትንንሾቹ ገና ቦታ አላቸው፤ ካሜራው የሁለቱን ያዋህዳል። የመጀመሪያ ቀን ኅዳር ጽዮን ላይ ያነሳሁበትን ምስል አጉልቼ ስመለከት፣ በአንዲት እናት ትከሻ ላይ በሙሉ ፀሐይ ያለው ነጠላ ክሩ አንድ በአንድ ይቆጠራል፣ ፊቷም በቦታው አለ። እንደዚያ ያለ ነጭ ከዚያ በፊት ከዲጂታል አይቼ አላውቅም ነበር። ሰርግ የሚያነሱ ሰዎች በመላው ዓለም እስከ ዛሬ ስሟን የሚጠሩት በከንቱ አይደለም። ጥሬ ፋይል፣ ማለትም ካሜራው ሳያቀናብር የሚያስቀምጠውን፣ በተከታታይ ስታነሳባት ትንፋሽ ያጥራታል፤ እሱን ግን ይቅር ብያታለሁ።

የአንተዋ ካነን ይህ የላትም። ታዲያ ለምን እለምንሃለሁ? ስለ ገጽታ ነው፤ ስለ ሰው ቆዳ። እናቴን በፋሲካ ማግስት እቤት በር ላይ፣ ከቆርቆሮው ክዳን ጥላ ሥር አስቀምጠህ ያነሳህባትን ታስታውሳለህ? ታትሞ ስቱዲዮዬ ውስጥ ተሰቅሏል። ብርሃኑ ከግንባሯ ወደ ጉንጯ፣ ከጉንጯ ወደ አንገቷ ሲወርድ የት ላይ እንደተለወጠ ማየት አትችልም። ቡናማው ወደ አረንጓዴ አላዘነበለም፣ አመድም አልነካውም። ከዓይኗ ሥር ያለው ጠየም ያለው ቦታ ጠይም እንደሆነ ነው ያለው። ከእሷ ወዲህ በእጄ ካለፉት ካሜራዎች እንዲህ ያለ ቆዳ ያለ ብዙ ልፋት የሰጠኝ የለም። ኒኮኗም ታመጣዋለች፤ ግን ቢጫውን እየቀነስኩ፣ ቀዩን እየነካካሁ ከኮምፒውተሩ ጋር ከታገልኩ በኋላ ነው።

ይህ ምትሃት አይደለም። ሴንሰሩ የተሠራበት ሲሊከን ቀለም አያይም፤ የሚያየው የብርሃን ብዛትን ብቻ ነው። ቀለም እንዲለይ በየፒክስሉ ላይ ትንሽ ባለቀለም ማጣሪያ ይቀመጥበታል፤ ግማሹ አረንጓዴ፣ ሩቡ ቀይ፣ ሩቡ ሰማያዊ። አደራደሩን የፈለሰፈው የኮዳኩ ብራይስ ባየር ሲሆን የፈጠራ መብቱን ያገኘው በ1976 ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የሰው ውሳኔ ነው፦ ማጣሪያው ምን ዓይነት ቀለም ይኑረው፣ ከሦስቱ ቁጥሮች ቡናማ እንዴት ይሰላ፣ የትኛው ቆዳ «ትክክል» ይባል። በፊልም ዘመን የኮዳክ ማተሚያ ቤቶች ቀለም የሚያስተካክሉት ሸርሊ በሚባል ካርድ ነበር፤ ካርዱ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ናት። የእሷ ቆዳ ካማረ ሥራው አለቀ። የእኛ አባቶችና እናቶች በድሮ የቀለም ፎቶ ላይ ጥርስና ዓይን ብቻ ሆነው የቀሩት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ስለዚህ አንድ ካሜራ ጠይም ፊትን ሳይለምኑት በደንብ ሲያወጣ፣ እኔ እንደ ተራ ነገር አላየውም።

እዚህ ላይ ሲሲዲ ስለሚባለው የሴንሰር ዓይነት የሚወራውን፣ ቀለሙን የሚተካከለው የለም የሚባለውንም ላንሳ፤ አንተም ድሮ አጥብቀህ ትከራከርበት ነበር። ሲሲዲን ዊላርድ ቦይልና ጆርጅ ስሚዝ በቤል ላቦራቶሪ የፈለሰፉት በ1969 ነው፤ በ2009 የፊዚክስ ኖቤል አሸልሟቸዋል። የኮዳክን 18 ሜጋፒክስል ሲሲዲ የያዘችው ላይካ ኤም 9 የወጣችውም በዚያው በ2009 ነው። ብዙ ሰው ዛሬም ቀለሟን ያመልካል፤ የሴንሰሯ መሸፈኛ መስታወት በጊዜ ብዛት እየተበላ ምስሉ ላይ ነጠብጣብ እንደሚያመጣ እያወቀ እንኳ ይፈልጋታል። ምስሎቿ በእርግጥ ውብ ናቸው። ነገር ግን በሲሲዲና በሌላው የሴንሰር ዓይነት፣ በሲሞስ፣ መካከል ያለው ልዩነት የተጠራቀመው ኤሌክትሪክ የሚነበብበት መንገድ ነው፤ አንደኛው ከፒክስል ወደ ፒክስል እያሻገረ ጠርዝ ላይ ያነበዋል፣ ሌላኛው እዚያው በየፒክስሉ ያጎላዋል። ቀለሙ የሚመጣው ከማጣሪያውና ከስሌቱ ነው። የአንተዋ ፋይቭ ዲ ሲሞስ መሆኗ ለዚህ ምስክር ናት፤ ያን ቀለም ሲሲዲ ብቻ የሚሰጥ ቢሆን ኖሮ የእናቴ ምስል ባልኖረ ነበር።

የተለየ መንገድ የሄደው ፎቪዮን ነው። ሲግማ በ2002 ኤስዲ 9 ላይ ያስገባው ይህ ሴንሰር ማጣሪያ አይደረድርም፤ ሰማያዊ ብርሃን ሲሊከኑ ገጽ አካባቢ፣ አረንጓዴው ዝቅ ብሎ፣ ቀዩ ከሁሉም ጠልቆ ስለሚዋጥ ሦስቱን በጥልቀት ይለያቸዋል። ለእኛ የሚጠቅመው ለነጠላ ነው። በተራው ሴንሰር የነጠላው ጥሩ ሽመና ከፒክስሎቹ አደራደር ጋር ሲጋጭ በጨርቁ ላይ የሌለ የቀስተ ደመና ሞገድ ይፈጠራል፤ በሰርግ ፎቶ ላይ ስንት ጊዜ አናዶናል! ፎቪዮን የቀለም ሞገድ አያመጣም። ነገር ግን ብርሃን ሲያንስ አይኤስኦውን (የብርሃን ስሜቱን) ከፍ ስታደርግ ቶሎ ይደክማል፤ ምሽት ላይ ቤተ ዘመድ ሲሰበሰብ ይዘኸው የምትገባው ካሜራ አይደለም። ፉጂ በ2012 በኤክስ ፕሮ 1 ያመጣው ኤክስ ትራንስ የተባለው ሴንሰርም ማጣሪያዎቹን በ6 በ6 ቅጥ አዘበራርቆ ሞገዱን ለመቀነስ የታሰበ ነው።

አዲሱን አልንቅም። በቅርቡ ለገጣፎ ሰርግ ላይ የነበረውን ብርሃን ብታይ ትፈርድልኝ ነበር። ድንኳኑ ሰማያዊ ሸራ ነው፤ ብርሃኑ በሸራው ሲያልፍ እንግዳው ሁሉ የታመመ ይመስላል። ሙሽሮቹ ደግሞ የተቀመጡት መግቢያው አጠገብ ስለሆነ ግማሽ ፊታቸው ሰማያዊ፣ ግማሹ የውጭ ፀሐይ። በዚያ ቀን ያዳነችኝ ኒኮኗ ናት። ለሙሽራዋ ቬሎ ብዬ ብርሃኑን ዝቅ አድርጌ አነሳሁና፣ ማታ ጥሬ ፋይሉ ላይ ከጥላው ፊቶችን አወጣኋቸው። በአንተዋ ካሜራ ያንን ጥላ ብንጎትተው ሻካራ ሆኖ፣ ቀይና አረንጓዴ ነጠብጣብ ለብሶ ይመጣ ነበር። አብራኝ የምትሠራው ልጅ «ጋሼ፣ እንግዲህ የድሮዎቹ ምን ያደርጉልናል?» አለችኝ። የእናቴን ምስል አሳየኋት። ትንሽ አየችና «ይህንንም ኒኮኗ ታነሳዋለች» አለች። በዚህ ጉዳይ እስከ አሁን አልተስማማንም፤ ካሜራህ እዚህ ብትመጣ ጎን ለጎን አስቀምጠን፣ በአንድ ጥላ ሥር፣ አንድ ሰው አንስተን እንለየው ነበር።

አንድ የሥራ ነገር ልንገርህ። እኛ ያለንበት ገና አስፋልት ያልደረሰው መንገድ ብዙ ነው፤ የአሸዋ መኪና ባለፈ ቁጥር አቧራው ቤት ውስጥ ይገባል። ፋይቭ ዲ አዲሶቹ እንዳላቸው ሴንሰሩን እያርገፈገፈ የሚያጸዳ መሣሪያ የላትም። ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ሰማይ ስታነሳ ጥቁር ነጠብጣብ ካየህ ካሜራዋ አልተበላሸችም፤ አቧራ ነው። በመንፊያ አየር ንፋው፤ በአፍህ ግን አትንፋ፣ በጨርቅም አትንካው። በዚህ ምክንያት ዋጋ ቀንሰህ እንዳትሰጣት ነው ቶሎ የጻፍኩልህ።

እንግዲህ ጥያቄዬ ሁለት ነው። መጀመሪያ፣ የእናቴን ጥሬ ፋይል ፈልግልኝ። እኔ ጋ ያለው የታተመው ብቻ ነው፤ ዋናው ያንተ ዲስክ ውስጥ ይኖራል። እናቴ ካረፈች ወዲህ ወንድሞቼም ለየቤታቸው በትልቁ አሳትምላቸው ዘንድ ይጠይቁኛል። ሁለተኛ፣ ካሜራዋን መሸጥህ የማይቀር ከሆነ ለእኔ ሽጣት። ዋጋውን አንተው ቁረጥ፤ አልከራከርህም። ባትሪዋ ደክሞ ከሆነ አትጨነቅ፣ የምትጠቀምበት ዓይነት እዚህ ይገኛል፤ ኮምፓክት ፍላሽ ካርድም እኔ ጋ አለ።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ራስህ ይዘሃት ብትመጣ ነው። ለጥምቀት ና። ታቦቱ ከሚያድርበት ሜዳ ቤቴ ሩቅ አይደለም፤ በማለዳ ወጥተን ሁለታችንም የየራሳችንን ይዘን እናነሳለን። መምጣትህን ቁርጡን አሳውቀኝ፤ ስልኬ ያው የድሮው ነው። ለባለቤትህና ለልጆችህ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ወንድምህ ሳሙኤል