ፒራሚድ ልሂድ ወይስ ሮም ላልከኝ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ

ውድ አብሮ አደጌ፣

ሰላም ነው? መልእክትህ ደርሶኛል። ስንት ዓመት ድምፅህን አጥፍተህ፣ ሰላምታውን በአንድ መስመር ጨርሰህ፣ «በዓለም ካሉት ታሪካዊ ቦታዎች የቱን ልይ? ፒራሚድ ልሂድ ወይስ ሮም?» አልከኝ። አቦ፣ ምንም አልተለወጥክም! ስለ ዝምታው አንነታረክ። አንተም አልጻፍክ፣ እኔም አልጻፍኩ፤ እኩል ነን። እናትህን በየበዓሉ ብቅ እያልኩ አያቸዋለሁ። ጉልበታቸው ትንሽ ያስቸግራቸዋል እንጂ ደህና ናቸው። ቀልዳቸውማ እንደ ድሮው ነው።

ልጆች አድገዋል፣ ፓስፖርት ተቀይሯል፣ የዓመት ፈቃድ ተጠራቅሟል ብለኸኛል። እንግዲያው ጥያቄው የምር ነው ብዬ ያዝኩት። እኔ እንደምታውቀው አስጎብኚ ነኝ። ጠዋት ከድሬ ሚኒባስ እይዛለሁ፣ ደንገጎን ወጥቼ ሐረር እገባለሁ፣ ጀጎል ውስጥ እንግዳ ይዤ ስዞር እውላለሁ። ዓለምን ያየሁት በእንግዶቼ አፍ ነው። የማይሄዱበት አገር የለም፣ የማያወሩት የለም። ማታ ቤቴ ስገባ ደግሞ የነገሩኝን አነብና አጣራለሁ። ግማሹ ተረት ሆኖ ይገኛል።

ጥፋቱ የእነሱ አይደለም። የሙያ ጓደኞቼን አውቃቸዋለሁ፤ የትም አገር ያለ አስጎብኚ ተረት ይወዳል። ተረት ጉርሻ ያመጣል።

ሐረር ያለውን የፈረንሳዊውን ገጣሚ የራምቦን ቤት ታስታውሰዋለህ አይደል? ባለቀለም መስታወቱን፣ ፎቁን። ፈረንሳዮች መጥተው እዚያ ይቆማሉ፤ አንዳንዷ እንባ ያቀርራታል። ቤቱን ግን ያሠራው የሕንድ ነጋዴ ነው፤ ገጣሚው እዚያ ስለመኖሩ ማስረጃ የለም። ራምቦ በ1880 ሐረር መጣ፤ ቡናና ቆዳ ነገደ፤ በኋላ ጠመንጃም ሞከረ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፍልህ፤ የኛን ሳትረሳው አትቀርም።) በ1891 እግሩ አብጦ መራመድ ሲያቅተው፣ ተሸካሚዎች በቃሬዛ ይዘውት በረሃውን አቋርጠው ዘይላ ወደብ አደረሱት። እግሩ ተቆረጠ፤ በዚያው ዓመት ማርሴይ ላይ ሞተ። እንግዶቼ ፎቁን ሲያዩ ፎቶ ያነሳሉ። የቃሬዛውን ጉዞ ስነግራቸው ግን ካሜራውን ያወርዱታል።

ስለዚህ የምመርጥልህ በዚህ መለኪያ ነው። ተረቱን አራግፈህ የሚቀረው ነገር የበለጠ የሚያስገርምህ ከሆነ ሂድ። ካልሆነ ገንዘብህን ያዝ።

እንግዲህ በዚህ ሚዛን ግብፅን የሚያህል የለም። ጊዛ ያለው የፈርዖን ኩፉ ፒራሚድ 4,500 ዓመት ገደማ ሆኖታል። ሲሠራ 146 ሜትር ያህል ነበር፤ ዛሬ ጫፉ ተሸራርፎ 138 ገደማ ቀርቷል። ከ3,800 ዓመት በላይ ሰው ከሠራው ሁሉ ረጅሙ እሱ ነበር። ወደ 2.3 ሚሊዮን ድንጋይ አለው ይባላል። እዚያ ስትደርስ አንዱ «ባሮች በጅራፍ እየተገረፉ ሠሩት» ይልሃል። ሌላው ከሌላ ፕላኔት የመጡ ፍጡራን ናቸው ይልሃል፤ እንዲህ የሚል ሰው ጀጎል ድረስ መጥቶ ገጥሞኛል። ሁለቱንም አትስማ። በ1990 የሠራተኞቹ መቃብር እዚያው ከፒራሚዶቹ ሥር ተገኝቷል። ባሪያን ማንም ከንጉሥ አጠገብ በክብር አይቀብርም። አጥንታቸው ላይ ተሰብሮ የዳነ፣ ታክሞ የተጠገነ አለ። የኖሩበት መንደርም ተቆፍሯል፤ ዳቦ መጋገሪያው፣ ያረዱት የከብት አጥንት ሳይቀር።

ከሁሉ የምወደው ግን በ2013 የተገኘው ነው። ቀይ ባሕር ዳር ዋዲ አል ጃርፍ በሚባል ጥንታዊ ወደብ ላይ የፓፒረስ ቁርጥራጮች ወጡ። ጽሑፍ ካለባቸው ፓፒረሶች ሁሉ እስከ ዛሬ ጥንታዊዎቹ ናቸው። ከመካከላቸው አንዱ መረር የሚባል አለቃ የያዘው የሥራ መዝገብ ነው። ወደ 40 ሰው ይመራ ነበር። ቱራ ከሚባለው የድንጋይ ማውጫ ነጭ የኖራ ድንጋይ ጀልባ ላይ ይጭናሉ፣ በአባይ ይወርዳሉ፣ ጊዛ ያራግፋሉ፣ ባዶ ጀልባ ይዘው ይመለሳሉ። የት እንደጫኑ፣ የት እንዳደሩ፣ ቀን በቀን ተጽፏል። አባትህ ምድር ባቡር ሳሉ ብብታቸው ሥር የማትጠፋዋን ደብተር ታስታውሳለህ? በቃ ያቺው ናት። ፉከራ የለ፣ ውዳሴ የለ፤ ጫንን፣ አደርን፣ አራገፍን። የንጉሡ ግማሽ ወንድም አንክሃፍ ሥራውን ይቆጣጠር እንደነበር ሳይቀር ከዚያው እናውቃለን። ፒራሚዱን ስታይ መረርን አስበው። እኔ በበኩሌ የፈርዖኑን ሬሳ ሣጥን ከማይ ያችን መዝገብ ባይ ይሻለኛል።

ውስጡ ልግባ ካልክ ግባ፤ ግን ጎንበስ ብለህ ነው የምትወጣው፤ ይታፈናል፤ መጨረሻው ላይም ባዶ ክፍል ነው። ይልቅ አጠገቡ ያለውን አዲሱን ትልቅ ሙዚየም አትለፈው። በ1954 ከፒራሚዱ ጎን ተቀብራ የተገኘችው 43 ሜትር ያህል የምትረዝመው የኩፉ ጀልባ አሁን እዚያ ናት።

ከግብፅ አልፈህ ዮርዳኖስ መድረስ ከቻልክ ፔትራን እይ። ሲቅ የሚባል ጠባብ የገደል ስንጥቅ ውስጥ ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ትሄዳለህ። መጨረሻው ላይ ከአለት የተፈለፈለ፣ 40 ሜትር ገደማ የሚሆን ሕንፃ ፊትህ ድቅን ይላል። «ግምጃ ቤት» ይሉታል። ድሮ በአካባቢው ያሉ በዱዊኖች ጫፉ ላይ ያለው የድንጋይ ማሰሮ ውስጥ ወርቅ ተደብቋል ብለው በጥይት ይቆሉት ነበር፤ ምልክቱ አሁንም አለ። ማሰሮው ድፍን ድንጋይ ነው። ሕንፃውም የሀብት ማከማቻ ሳይሆን ናባቲያውያን የሚባሉ የጥንት የአረብ ሕዝቦች ከ2,000 ዓመት በፊት ከላይ ወደ ታች እየፈለፈሉ የሠሩት መቃብር ነው። ላሊበላን ላየ ሰው ዘዴው አዲስ አይሆንበትም።

አንተ ግን የድሬ ልጅ ስለሆንክ እግረ መንገድህን የገደሉን ግድግዳ ተመልከት። ውሃ የሚሄድበት ቦይ ተቆፍሮበታል። ናባቲያውያን በረሃ ውስጥ ከተማ ያቆሙት ውሃን ስላወቁ ነው። ለሚጠፋበት ጊዜ ማጠራቀም፣ በጎርፍ ሲመጣ ማስቀየስ። ጎርፉ ሲቁ ውስጥ እንዳይገባ በር ላይ ግድብ ሠርተው፣ አለት በስተው በሌላ በኩል አሳለፉት። ዘመን ሲያልፍ ግድቡ ፈረሰ፣ የሚጠግነው ጠፋ። በ1963 ድንገተኛ ጎርፍ ገብቶ ከ20 በላይ ፈረንሳውያን ጎብኚዎችን ገደለ። ከዚያ በኋላ ነው ግድቡ እንደገና የተሠራው። ደረቁ ወንዛችን ደቻቱ በእኛ አቆጣጠር በ1998 ክረምት፣ በሌሊት፣ ምን እንዳደረገን ለአንተ አልነግርህም። ደረቅ አሸዋ ነው ብለን ኳስ የተጫወትንበት ቦታ አይደል? ይህን የመሰለ ነገር የሚገባው ደረቅ ወንዝ ዳር ያደገ ሰው ነው።

ሮምንም ሂድ። ኮሎሲየም በ80 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ወደ 50,000 ሰው ይይዝ ነበር፤ ግሩም ነው፤ ሰልፉ ረጅም ነው። እሱን ስትጨርስ በእግርህ ትንሽ ሄደህ ፖርታ ካፔና አደባባይን ፈልግ። የአክሱም ሐውልት ከ1937 ጀምሮ የቆመው እዚያ ነበር። 24 ሜትር ቁመት፣ 160 ቶን ገደማ። ኢጣሊያ እመልሳለሁ ብላ በ1947 ፈረመች፤ የመለሰችው በ2005 ነው። በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን መጣ፣ በ2008 አክሱም ላይ ቆመ። ልጆችህን ባዶው ቦታ ላይ አቁመህ ይህን ንገራቸው። ኮሎሲየሙን ቢረሱ እንኳ ይህን አይረሱም።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልበልልህ። የቻይና ግንብ ከጨረቃ አይታይም። የቻይናው ጠፈርተኛ ያንግ ሊዌይ በ2003 ምድርን ዞሮ ሲመለስ «አላየሁትም» ብሎ ቁርጡን ነግሯል። ደግሞ አንድ ግንብ አይደለም፤ በየዘመኑ የተሠራው ሁሉ ተለክቶ ከ21,000 ኪሎ ሜትር በላይ መጥቷል። አንዱን ቁራጭ አይተህ ተመለስ፣ ይበቃል።

ሕንድ ያለው ታጅ ማሃል ላይ ንጉሡ ሻህ ጃሃን የግንበኞቹን እጅ ቆረጠ የሚለውን ወሬ ማንም አላረጋገጠውም። የተረጋገጠው ይበልጥ ያሳዝናል። ሚስቱ ሙምታዝ በ1631 አሥራ አራተኛ ልጇን ስትወልድ ሞተች። ሕንፃውን ለእሷ አሠራ። በ1658 የገዛ ልጁ ሥልጣኑን ነጥቆ አግራ ምሽግ ውስጥ አሠረው፤ እስኪሞት እዚያው ቆየ። ሲሞት ከጎኗ ቀበሩት። ያ ሁሉ ግራና ቀኙ በልክ የተሠራ ሕንፃ ውስጥ ከመስመር የወጣው የእሱ መቃብር ብቻ ነው። ዓርብ ለጎብኚ ዝግ ነው፤ ቀንህን አስተካክል።

ፔሩ ያለው የጥንት ከተማ ማቹ ፒቹ ሩቅ ነው፣ ውድ ነው፣ የመግቢያ ቁጥሩም የተወሰነ ስለሆነ ቀድመህ ካልቆረጥክ አትገባም። ፈረንጆቹ ከፍታውን ይፈሩታል፤ 2,430 ሜትር፣ ማለትም እንደ አዲስ አበባ። ትንፋሽ የሚያሳጥረው ይልቅ መነሻው ኩስኮ ነው፤ እሱ 3,400 ይጠጋል። ደግሞ «በ1911 አሜሪካዊው ቢንግሃም አገኘው» ሲሉህ ፈገግ በል፤ ሲደርስ የአካባቢው ገበሬዎች እዚያው እያረሱ ነበር፤ መንገዱንም ያሳዩት እነሱው ናቸው።

ኢስታንቡል ትራንዚት ካለህ ሐጊያ ሶፊያን ሳታይ እንዳትሳፈር። በ537 ያለቀ ነው፤ ያን የሚያህል ሕንፃ በአምስት ዓመት ጨረሱት። ችኮላው ይሁን መሬት መንቀጥቀጡ፣ ጉልላቱ በ558 ወድቆ እንደገና ተሠራ። መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን፣ ከ1453 በኋላ መስጊድ፣ ከ1930ዎቹ ጀምሮ ሙዚየም፣ ከ2020 ወዲህ ደግሞ መስጊድ። ሐረር ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ መስጊድ በነበረበት ቦታ የቆመውን ቤተ ክርስቲያን ለሚያውቅ ሰው ይህ አዲስ አይሆንበትም፤ ለልጆችህ ግን ረጋ ብለህ አስረዳቸው።

እኔ ገንዘብ ባገኝ የት እንደምሄድ አልጠየቅከኝም፤ ልንገርህ። ላሙና ሞምባሳ፣ ከዚያ ዛንዚባር። ለእኛ ፓስፖርት ኬንያ ብዙ አታስቸግርም። ከኮራል ድንጋይ የተሠሩ ቤቶች፣ የተቀረጹ በሮች፣ ሰው ከሰው ጋር ትከሻ የሚገጫጭበት ጠባብ መንገድ፣ የአዛን ድምፅ። ያዩት እንግዶቼ ሁሉ ጀጎል ሲገቡ «ይሄን የት ነው የማውቀው?» ይላሉ። ላሙ ውስጥ ዕቃ የሚጫነው ዛሬም ባብዛኛው በአህያ ነው። ዛንዚባር ላይ የባሪያ ገበያ የነበረበት ቦታ አለ፤ ገበያው በ1873 ከተዘጋ በኋላ ካቴድራል ተሠርቶበታል። ሐረርም በዚያ ንግድ እጇ ነበረበት፤ ይህን ለእንግዶቼ አልደብቅም።

እና ልጆቹን ወደዚህም አምጣቸው። ጀጎልን እኔ አዞራቸዋለሁ። ግንቡን ኤሚር ኑር በ16ኛው መቶ ዘመን አሠራው፤ በ2006 ዩኔስኮ መዘገበው። ሁሉም በሮቹን ያሳያል፤ እኔ ከግንቡ ግርጌ ያሉትን የጅብ ቀዳዳዎች አሳያቸዋለሁ። ቁመታቸው ለሰው አይሆንም፤ ልጅ ግን በአራት እግሩ ሊገባ ይችላል፤ ልጆችህ እንደሚሞክሩት አልጠራጠርም። የድንጋዩን ጠርዝ ስትዳስሰው ልሙጥ ነው። ለቱሪስት የሚታየው የጅብ ማብላት ትርኢት የቅርብ ጊዜ ነገር ነው። ቀዳዳዎቹ ግን የቆዩ ናቸው፤ ከተማዋ ሌሊት ቆሻሻዋን የሚያነሳላት ጅብ ስለነበር በር ከፍታለት ነበር። ስለ ጅቡና ስለ ከተማዋ ብዙ ተረት አለ፤ እሱን የሙያ ጓደኞቼ ይንገሯቸው።

ድሬ ላይ ደግሞ የድሮውን ባቡር ጣቢያ እናሳያቸዋለን። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1902 እዚህ ባይደርስ ኖሮ እኔና አንተም አንተዋወቅም ነበር። አዲሱ ባቡር ከከተማ ወጣ ብሎ ነው የሚቆመው፤ ሰው አሁን ወደዚያ ይሄዳል። አያታቸው የሠሩበትን ቦታ ግን ማየት አለባቸው።

ኅዳር ወይም ታኅሣሥ አድርገው። ግንቦት ላይ ከመጣህ ልጆቹ ድሬን ለዘላለም ይጠሏታል። ትኬት ከመቁረጥህ በፊት ለእናትህ ደውል፤ ከኔ ከሰሙ ይቀየሙሃል። ለባለቤትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ፣ ልጆቹን ሳምልኝ።

ያንተው