በጀልባ ላይ ለሚሠራ የዓሣ ማቆያ ገንዳ ኤሌክትሪኩ ከየት ይምጣ?

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ለዓመታት ደርቆ የነበረው የሐረማያ ሐይቅ ዳግም ውሃ ከያዘ ወዲህ፣ በትናንሽ ጀልባዎች ዓሣ የሚያሰግሩ ወጣቶች ቆሮሶውን ከነሕይወቱ ለድሬዳዋና ለሐረር ገበያ ለማድረስ ሲሉ ከበርሜልና ከሮቶ የዓሣ ማቆያ ገንዳ መሥራት ጀምረዋል። ሐሳቡን ከልቤ እደግፋለሁ፤ በተለይ በጾም ወራት ፈላጊው ሲበዛ፣ በድሬዳዋ ሙቀት የሞተ ዓሣ ያለ በረዶ ብዙ አይቆይም። የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ እንደመሆኔ ግን ለጥገና የሚመጡልኝን ፓምፖችና ባትሪዎች ስመለከት፣ ገንዳው በሚገባ ተሠርቶ ኤሌክትሪኩ እንደነገሩ መያያዙ ስላሳሰበኝ ይህን ጽፌያለሁ።

ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ ኢንቨርተር ነው። ከድሬዳዋው ታይዋን ገበያ ርካሽ ኢንቨርተር ገዝቶ፣ የመኪናን ባለ 12 ቮልት ባትሪ ወደ 220 ቮልት አስቀይሮ፣ ለቤት የተሠራ ፓምፕ የሚያንቀሳቅስ ሰው፣ እግሩ ውሃ ውስጥ ሆኖ የቤት ኤሌክትሪክ ታቅፎ ተቀምጧል ማለት ነው። ከአደጋው ሌላ ኢንቨርተሩ ራሱ ከባትሪው የሚበላው አለ። በቀጥታ በ12 ቮልት የሚሠራ ፓምፕ እያለ ይህን ሁሉ መዞር አያስፈልግም።

ሁለተኛው ጉዳይ የፓምፑ ዓይነት ነው። አብዛኛው ሰው ውሃ የሚገፋ ፓምፕ ይመርጣል፤ ብዙ ውሃ ሲንፎለፎል ማየት ደስ ይላልና። ዓሣው የሚፈልገው ግን ኦክስጅን ነው። ሐረማያ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ፣ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅን በእኩል ሙቀት በባሕር ዳርቻ ካለው ውሃ በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ስለዚህ ዋናው ነገር አየር መጨመር ነው፤ አየሩን በቀጭን ቱቦ ወደ ገንዳው ወለል አውርዶ በጥቃቅን አረፋ የሚበትን አነስተኛ የአየር ፓምፕ ለጥቂት ዓሣ ይበቃል። (አምባዛ ከውሃው በላይ ብቅ ብሎ አየር ስለሚስብ ብዙ ይታገሣል፤ እርሱ ቆየ ተብሎ ግን ቆሮሶም ይቆያል ማለት አይደለም።)

ልዩነቱ በባትሪው ላይ ይታያል። የውሃ ፓምፕ 3 አምፒር ያህል ቢስብ፣ 7 አምፒር-ሰዓት የሚይዝ የሞተር ሳይክል ባትሪ ግማሹን ለመጨረስ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይዘልም፤ ግማሽ አምፒር የሚስብ የአየር ፓምፕ ግን በዚያው ባትሪ 7 ሰዓት ይሠራል። ግማሹን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ሞተር ለማስነሳት የተሠራ ባትሪ በተደጋጋሚ ከግማሽ በታች ሲወርድ በውስጡ ያሉት የእርሳስ ሰሌዳዎች በሰልፌት ይሸፈኑና ቻርጅ መያዝ ያቅተዋል። ጀልባው ሞተር ካለውም የሞተሩ ማስነሻ ባትሪ ለገንዳው መዋል የለበትም፤ ሐይቁ መሐል ሞተር አልነሳ ያለው ሰው ዓሣውንም ራሱንም ችግር ላይ ይጥላል።

ሽቦውን በተመለከተ፣ ለግድግዳ የሚሠራው ባለ አንድ ዘንግ ሽቦ በጀልባ ንቅናቄ ውሎ አድሮ ይሰበራል። ብዙ ቀጫጭን ክር ያለው የመኪና ሽቦ፣ ቢቻል ባለ 2.5 ስኩዌር ሚሊሜትር፣ ይሁን፤ ቀጭን ሽቦ ቮልቱን መንገድ ላይ ያስቀረዋል። ናስትሮ ብቻ የተጠመጠመበት መጋጠሚያ ውሃ ስለሚያስገባ መዳቡ ይዝጋል፤ ስለዚህ መጋጠሚያው መጀመሪያ በሊድ ይበየድ። ፊውዙ ደግሞ ከፓምፑ አጠገብ ሳይሆን ከባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ አጠገብ ይቀመጥ። ሽቦው መሐል ላይ ተላጦ ከብረት ቢነካካ፣ ወዲያ ጫፍ ያለ ፊውዝ ምንም አያድንም።

በመቅዘፊያ ለሚሄድ ጀልባ ባትሪውን የሚሞላ ሞተር ስለሌለ፣ ባትሪው ቤት አድሮ ቻርጅ ካልተደረገ ሶላር ያስፈልጋል። ባለ 20 ዋት ፓኔል በጠራ ፀሐይ አንድ አምፒር ገደማ ስለሚሰጥ የአየር ፓምፑን እያሠራ ባትሪውንም ይሞላል፤ ሆኖም በቻርጅ መቆጣጠሪያ በኩል ይገናኝ። ፓምፑ ዓሣው ፒክአፕ ላይ ሲጫንም አይጥፋ፤ ከደንገጎ ወደ ድሬዳዋ ሲወረድ ውሃው ይሞቃል፣ ውሃ በሞቀ ቁጥር ደግሞ የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል፣ የዓሣው ፍላጎት ግን ይጨምራል።

በድሬዳዋም በሐረርም በቴክኒክና ሙያ የምታስተምሩ ባልደረቦቼ፣ ይህን ሥራ ሐይቁ ዳር ወርዳችሁ ለአስጋሪዎቹ በተግባር እንድታሳዩ እጠይቃለሁ፤ መሣሪያ ይዞ ለመምጣት እኔም ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር
የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ፣ ከድሬዳዋ