ማርሽ ከሥር ለምን ረጋ

ይድረስ ለእማዬ፣ ጅማ

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ በብርዱ አልባሰበትም? ሂርማታ ገበያ ላይ አንድ ነጋዴ «ስኳር ጨምረሽበታል» ብሎ ማርሽን እንደመለሰብሽ እህቴ ነገረችኝ። እንቅልፍ ነሳኝ። በሰው ፊት እንዲህ መባልሽ አንገበገበኝ።

የላክሽልኝን የጌራ ማር ብልቃጡን ወደ መስኮቱ አስጠግቼ አየሁት። ከሥር ሦስት ጣት ያህል ነጭ ሆኖ ረግቷል፤ ጥርስ ላይ እንደ አሸዋ ይንኮሻኮሻል። ከላይ ያለው ግን ጥርት ብሎ ጣቴን ከወዲያ ማዶ ያሳያል። ሰውየው ያየው ይህንኑ ይመስለኛል። መርጋቱ ብቻውን ግን ስኳር መጨመሩን አያሳይም። ማር ውስጥ ውሃው አሟሙቶ ሊይዘው ከሚችለው በላይ ግሉኮስ የሚባል የራሱ ስኳር አለ። 14 ዲግሪ ገደማ ሲቀዘቅዝ ትርፉ ፈጥኖ እየተለየ ደቃቅ ክሪስታል፣ ማለትም ጠጣር ቅንጣት ይሆናል። ክሪስታሉ ከማሩ ስለሚከብድ የመሬት ስበት ቀስ እያለ ወደ ታች ያዘቅጠዋል። ላይ የሚቀረው ውሃ ይበዛዋል፤ ሳይቦካ አስቀድመሽ እሱን ተጠቀሚበት።

እኔም በሥራዬ የማየው ነገር ነው። የቀለጠ አሉሚኒየም ሲበርድ የሞቀው ወደ ላይ፣ የቀዘቀዘው ወደ ታች ይፈስሳል፤ ፍሰቱ ሙቀቱን ይዞት ስለሚሄድ የክሪስታሉን አስተዳደግ ይለውጠዋል። እ.ኤ.አ. በ1994 ሳይንቲስቶች ይህን ኮሎምቢያ በተባለ የጠፈር መንኮራኩር ላይ ፈትነውታል። እንደ ብረት የሚረጋ፣ ግን ውስጡ የሚታይ ቁስ አቅልጠው አቀዘቀዙት፤ እንደ ጥድ ቅርንጫፍ ያለ ክሪስታል በቀለ። መንኮራኩሩ ምድርን እየዞረ ያለማቋረጥ ስለሚወድቅ በውስጡ ክብደት አይሰማም፤ የሞቀውም ወደ ላይ አይነሳም። ማቀዝቀዙ ጥቂት ሲሆን ክሪስታሉ ምድር ላይ ከሚያድገው ቀስ ብሎ አደገ፤ ሙቀቱን የሚወስድለት ፍሰት አጥቷላ! ማር ግን ወፍራም ስለሆነ ፍሰቱ አዝጋሚ ነው፤ በብልቃጡ ውስጥ ጎልቶ የሚታየው መዝቀጡ ነው።

ለሚቀጥለው እንዲህ አድርጊ። ልሞ የረጋ ማር ፈልጊና ከአሥር እጅ አንድ እጅ ያህል ካልረጋው ጋር በእንጨት ማንኪያ አማስዪው፤ ከዚያ ቀዝቃዛው ጓዳ አኑሪው። ደቃቅ ክሪስታሎች በየቦታው አንዴ ስለሚያድጉ ሳይዘቅጡ እርስ በርስ ይያያዛሉ፤ ማሩም ከላይ እስከ ታች እንደ ቅቤ ይሆናል። ኤልተን ዳይስ የተባለ የንብ እርባታ ተመራማሪ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1935 ያስመዘገበው ዘዴ መሠረቱ ይህ ነው። የረጋውን ማቅለጥ ከፈለግሽ እሳት ላይ አትጣጂው፣ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አስቀምጪው።

ለመስቀል ስመጣ አብሬሽ ገበያ እወርዳለሁ። ብልቃጡን ይዤ ለሰውየው በፀሐይ አሳየዋለሁ።

ልጅሽ